ግማሽ መጽሐፍ ይዤ ወደ ባሕር ዳር

ከጣና ስመለስ የትምህርት ቤታችን መምህራን ከበው "እስቲ ስለ ደሴቶቹ ንገረን" አሉኝ። ስለ ደሴቶቹ የምነግራቸው ብዙ አልነበረኝም። የማወራው ሁሉ ስለ አንድ ባልና ሚስት፣ ስለ አንድ ሽማግሌ መሪጌታና ስለ አንድ ጀሪካን ላምባ ሆነብኝ። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ወደዚያ የሚሄዱበት ዕድል የለም፤ የይለፍ ወረቀቱ ሲገኝ ዕረፍቱ አይገኝም፣ ዕረፍቱ ሲገኝ ወረቀቱ አይገኝም። ስለዚህ ለእነሱም ለራሴም ስል በየቀኑ የሆነውን እጽፋለሁ።

ያስኬደኝ አንድ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፈረንሳይኛ ያስተምሩን የነበሩ አንዲት የውጭ አገር መምህርት አገር ሲለቁ ለእኔና ስንዱ ለምትባል የክፍል ጓደኛዬ ያንን መጽሐፍ ትተውልን ሄዱ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው። ማንም ማንንም መጠበቅ ስላልፈለገ በምላጭ ከመሃል ከፈልኩት። "እኔ መጨረሻውን ሳላውቅ መጀመር አልወድም" ብላ ሁለተኛውን ግማሽ ስንዱ ወሰደች። በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተገናኝተን ልንለዋወጥ ተቃጠርን።

መጽሐፉ የአንድ ሰው ኑዛዜ ነው። በአንድ ወንዝ ዳር ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን የሚጫወት ሰው፣ ካረጀ በኋላ ቁጭ ብሎ ለማንም ያልተናገረውን ይጽፋል። እየተጫወተ ሳለ የኖታውን ገጽ ትገልጥለት የነበረችውን ሴት ሰባት ዓመት ወዶ አንድ ቀን እንኳ አልነገራትም። ያንን ሳምንት ሙሉ ሰውየውን ስረግመው ሰነበትኩ። ስንዱን ቅዳሜ ሳገኛት እንደሱ እንደማልሆን ለራሴ ማልኩ። ቅዳሜ ደረሰ። ከግቢው በር ላይ ሆኜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አየኋት፤ ነጭ ሹራብ ለብሳለች። "ሰኞ እነግራታለሁ" ብዬ ተመለስኩ። ሰኞ ትምህርት ተዘግቶ ለዘመቻ መጠራታችንን ሰማን። እሷ ወደ ሰሜን፣ እኔ ወደ ደቡብ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ሳንተያይ ስምንት ዓመት አለፈ።

በእነዚህ ዓመታት በእጄ ያለውን ግማሽ ቀስ እያልኩ ወደ አማርኛ መለስኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ የሚያሳትመውም የለም። ጨርሼ ስቀመጥ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን መንገድ ላይ አገኘኝና ስንዱ አግብታ ባሕር ዳር እንደምታስተምር ነገረኝ። በትምህርት ቤቷ አድራሻ ጻፍኩላት፤ መጽሐፉ በእጇ እንዳለ ብቻ ጠየቅኋት። መልሱ ዘግይቶ መጣ። በማላውቀው እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ለመምህር በፈቃዱ። ደብዳቤዎ ደርሶናል። መጽሐፉ አለ። ቢመጡ ደስ ይለናል። አንዳርጌ፣ የስንዱ ባለቤት።" ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም። ለምን እሷ አልጻፈችም?

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በዕረፍታችን፣ ከቀበሌ የአሥር ቀን የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። የጉዞው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ዘመድ ጥየቃ" ተብሎ ተጻፈ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳን። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ግማሽ መጽሐፌን ግን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ጥሩዬ የሚባሉ ዳንግላ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አሮጊት ነበሩ። የአባይን ሸለቆ መውረድ ስንጀምር ወደ ገደሉ ላለማየት ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው "ልጄ፣ የምታነበው ምን ይላል? እስቲ አጫውተኝ" አሉ። የኦርጋን ተጫዋቹን ነገር ባጭሩ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ገደል ሲባል እኛ የምናውቀው የሰፈራችንን ወንዝ ነው፤ እዚህ ግን አውቶቡሱ ለሰዓታት ቁልቁል ሲጠማዘዝ ከታች ያለው ወንዝ እንደ ክር ነው የሚታየው። ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ።

ድልድዩን ተሻግረን ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ጋዜጣውን ፈታ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ነው፣ ጓድ።"

ወደ መጨረሻው ገለጠ። ጀርባው ላይ ልባስ የለውም፤ የመጨረሻው ገጽ በዓረፍተ ነገር መሃል ይቆማል። ፊቱ ተለወጠ።

"ሌላው ግማሹ የት ነው?"

"ባሕር ዳር፣ አንዲት መምህርት ጋ።"

"ለምን ተከፈለ? መተዋወቂያ ምልክት ነው?"

በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ወዴት እንደሚያደርስ የማያውቅ የለም። ከኋላዬ እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

"የኔ ልጅ፣ ይህ እኮ ፈርቶ ለሚወዳት ሴት ሳይናገር የቀረ ሰው ታሪክ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲያወራልኝ መጣ። እንዲህ ያለ ፈሪ ለመንግሥት ምን ያደርጋል?"

ወታደሩ ወጣት ነበር። መሳቅ እንደማይገባው ያህል ከንፈሩን ነከሰና መጽሐፉን መለሰልኝ። በጋዜጣው መልሼ ጠቅልዬው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። እማማ ጥሩዬን አመሰገንኳቸው፤ እሳቸው ግን የሰጡኝን ዳቦ ቆሎ ለምን እንደማልበላ ነበር የሚጠይቁኝ።

ደብረ ማርቆስ አድረን ነው የምንቀጥለው። ሻንጣዬ ከጣሪያው ሲወርድልኝ ላምባ ያንጠባጥባል። የእማማ ጥሩዬ ጀሪካን ነበር ያፈሰሰው፤ ለልጃቸው ከወር ሙሉ ወረፋ ያጠራቀሙት ላምባ። ለእኔ ይዘኑ ለላምባው ይዘኑ ግራ ገባቸው። ያመጣሁት አንድ ነጭ ሸሚዝ ስንዱ ፊት ልቀርብበት ነበር። ሆቴሉ ጓሮ ሸሚዜን ነጥቀውኝ በሎሚና በሳሙና አሹት፤ እኔ ውኃ እቀዳለሁ። "ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ እንዲህ አይሸትም" እያሉ ሦስት ጊዜ አጠቡት። ሽታው አልለቀቀም።

ማክሰኞ በቡሬ፣ በእንጅባራ አድርገን ሄድን። እንጅባራ ላይ ብርዱ የእንጦጦን ያስናቃል። ዳንግላ ላይ እማማ ጥሩዬ ሲወርዱ ጉንጬን ሳሙኝና "አንተ ግን ንገራት" አሉኝ። ስለ ማን እንደሚያወሩ ልጠይቃቸው ስል አውቶቡሱ ተነሳ። ስለ ስንዱ አንድ ቃል አልነገርኳቸውም ነበር።

ባሕር ዳር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እዚያ መጀመሪያ የሚያጣው ዳገቱን ነው። መንገዱ ሰፊና ልሙጥ ነው፤ ዘንባባ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ሠራተኛው ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ሞቅ ይላል፤ ከወዲያ ማዶ ውኃ እንዳለ ሳያዩት ያውቁታል። ሻንጣዬን ተሸክሜ እየጠየቅሁ ሹም አቦ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። የተነገረኝ ቤት በር ላይ ስደርስ ጸጉሬን አስተካከልኩ፣ እጅጌዬን አሸተትኩ፤ ከዚያ አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ አንዳርጌ ነው። ረዥም፣ ቀይ፣ አንድ እግሩን ሳብ የሚያደርግ ሰው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥገና ሠራተኛ ነው። "ቤት ለእንግዳ" ብሎ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደና ወዲያው አፍንጫውን ያዘ። የሆነውን ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እግሬን እንድታጠብ ውኃ አሙቆ አመጣልኝ፤ "ተው እንጂ፣ እኔው እታጠባለሁ" ብለው እንቢ አለ። የራሱን ሸሚዝ አውጥቶ አለበሰኝ። እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል።

ስንዱ አምስት ዓመት የሚሆናትን ልጃቸውን ቤዛን በእጇ ይዛ ገባች። በዕረፍቱም የመሠረተ ትምህርት ታስተምር ስለነበር ልብሷ ላይ ጠመኔ አለ። ቆመች። እኔም በባሏ ሸሚዝ ቆምኩ።

"ከሳህ" አለች።

"አንቺ ምንም አልተለወጥሽም።"

"ውሸትህን ነው" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ሰላምታዋ እንደማንኛውም እንግዳ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ። ወዲያው ወደ ጓዳ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ሳለን "ሄድሁ፣ ነገርሁ" ስትል ስለሚስቁባት አነጋገሯን ቀይራ ነበር። አሁን ከጓዳ ሆና ለልጇ "ነገርሁሽ አይደል?" ስትል ሰማኋት፤ ወደ ራሷ ቋንቋ ተመልሳለች።

እራት የቀረበው አሳ ነበር፣ የተጠበሰውም ወጡም። እኛ ቤት አሳ በዓመት አንድ ሁለቴ ቢበላ ነው፣ እናቴ እሾሁን ስለምትፈራው። አንዳርጌ ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየ ለልጁ፣ ለሚስቱ፣ ከዚያ ለእኔ አጎረሰ። መጽሐፉ የት እንዳለ ለመጠየቅ ሰዓቱን ስፈልግ እሱ ራሱ አነሳው።

"መጽሐፉ እዚህ ቤት የለም። ዘጌ፣ አጎቴ መሪጌታ ኅሩይ ዘንድ ነው። ቤት ለቤት የሚፈተሽበት ጊዜ ስንዱ የውጭ መጻሕፍቷን ሁሉ አቃጠለች። እሱን ግን ከእጇ ቀማሁና በደንገል ታንኳ ወስጄ አስቀመጥሁት። ነገ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ አብረን እናመጣዋለን።"

ስንዱ የልጇን ጸጉር እየጎነጎነች ነበር። ቀና አላለችም።

ረቡዕ የሞተር ጀልባው ነዳጅ ስላላገኘ ቀረ። እንጨት ሸጦ ባዶውን ወደ ዘጌ ከሚመለስ ባለ ታንኳ ጋር ተስማማን። ታንኳ ሲባል የእንጨት ጀልባ እንዳይመስላችሁ፤ ደንገል የሚሉት የሐይቅ ዳር ቄጠማ ታስሮ የሚሠራ ነው፣ ውኃው ከሥር ሰርጎ ይገባል። ከተቀመጥኩበት ቅጽበት ጀምሮ ከአንዳርጌ የተዋስኩት ሱሪ መቀመጫው ረጠበ። አንዳርጌና ባለ ታንኳው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጭድ አንጥፈው ተቀመጡ። ባለ ታንኳው በቀርከሃ እየገፋ ዳር ዳሩን ያዘ። ውኃው ከዳር ቡናማ ነው፤ ራቅ ሲል ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። መዋኘት አልችልም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። የመጽሐፉን መጀመሪያ ንገረኝ።"

"መጨረሻውን ታውቀዋለህ?"

"የማውቀው እሱን ብቻ ነው። በተጋባን በዓመቱ የቤቱን ቆርቆሮ ስመታ ወደቅሁ። እግሬ ተሰብሮ ሦስት ወር ተኛሁ። ስንዱ ከሥራ ስትመጣ በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ በአማርኛ ታወራልኝ ነበር። መጀመሪያውስ ምን ይላል ስላት 'እኔም አላነበብሁት፣ ያነበበው ሌላ ሰው ነው' ትለኛለች። ያንን ሌላ ሰው ስድስት ዓመት ጠበቅሁት።"

መናገር ጀመርኩ። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ኖታ ማንበብ እንደማትችል፣ ገጹን መቼ እንደምትገልጥ የምታውቀው የሰውየውን አገጭ እያየች እንደሆነ ነገርኩት። ክንዷ በፊቱ እንዲያልፍ ሲል ገጹ ሳያልቅ አገጩን እንደሚነቀንቅ፤ ከዚያ እሱ የጎደለውን ዜማ በቃሉ እንደሚጫወት። አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብሎ ረዥም ዜማ እንደደረሰ፤ ዜማው ጥሩ እንዳልነበረ፣ የረዘመው ብዙ ገጽ እንዲኖረው ብቻ እንደሆነ። በየእሑዱ ሊነግራት እየወሰነ በየእሑዱ "በሚቀጥለው" እያለ ሰባት ዓመት እንዳለፈ። የምተርከው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ግን ፊቴን ወደ ውኃው አዙሬ ነበር።

"ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል። 'በዚያ እሑድ የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። የሚገልጥ እጅ አልመጣም። ዞር ብዬ ሳይ...' ምላጩ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።"

"'ወንበሩ ባዶ ነበር'" አለ አንዳርጌ። "የእኔ የሚጀምረው ከዚያ ነው።"

ባለ ታንኳው መግፋቱን ትቶ "ከዚያስ?" አለ።

አንዳርጌ ቀጠለ። ሴትዮዋ አግብታ በወንዙ ቁልቁል ወዳለ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ሰውየው አሥራ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ተነስቶ ሄደ፤ ቤቷን ጠይቆ አገኘ። ውስጥ ድምጿን ሰማ፣ ከሆነ ሰው ጋር እየሳቀች ታወራለች። እጁን አነሳ። ሳያንኳኳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያደረገው ነገር ቢኖር መጻፍ ነው።

"አይ ሰው!" ብሎ ባለ ታንኳው ቀርከሃውን ውኃው ውስጥ ሰካ።

"እኔ በዚያ ሰው ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ" አለ አንዳርጌ። አሁን የሚያወራው ለእኔ ብቻ ነው። "እግሬ ተጠቅልሎ ተኝቼ ሳስበው፣ ቢያንኳኳ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። ባሏ ይከፍትለታል። ግባ ይለዋል። እራት ይበላል። ከዚያ በላይ ምን ይመጣል? ደብዳቤህ ሲደርስ ስንዱ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣ መልስ አልጻፈችም። በአራተኛው ቀን እኔ ጻፍሁ።"

"ታውቃለህ ማለት ነው" አልኩት።

"አንተ አልነገርኸኝም፣ እኔም አልጠየቅሁህም። ይበቃል።"

እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጫን አለኝ፤ ታንኳው ተወዛወዘ፤ በድንጋጤ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። መዋኘት እንደማልችል ያን ጊዜ ገባው። እስክንደርስ ድረስ ክንዱን አልነሳኝም።

ዘጌ ጫካ ነው። ፀሐይ ከቅጠሉ በላይ ትቀራለች። መሪጌታ ኅሩይ ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ቀኑ የጾም ቀን ስለነበር ባለቤታቸው በዳጉሳ እንጀራ ሽሮ አቀረቡልን። የዳጉሳን እንጀራ ከዚያ በፊት በልቼ አላውቅም፤ ጠቆር ያለና የሚከብድ ነው፣ ከሦስት ጉርሻ በኋላ ግን ጤፉን ያስረሳል። እርጥብ ሱሪዬን አይተው ጋቢያቸውን አገለደሙኝ።

ከተመገብን በኋላ መሪጌታ ከዳዊታቸውና ከድጓቸው ጋር በአንድ ማኅደር የኖረውን ጥቅል አወጡ። ወረቀቱ ያቺ የማውቃት ወረቀት ናት። የቆረጥኩበት ዳር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

"ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የጠበቅሁት" አሉ። "ይህ ልጅ ኑዛዜ ነው አለኝ። ኑዛዜ ከሆነ ብዬ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አኖርሁት። ሰውየው ምን በድሎ ነው የተናዘዘው?"

"አንዲት ሴት ወድዶ ነው፣ አባቴ" አልኩ።

"የሰው ሚስት ነጠቀ?"

"አልነጠቀም።"

"ታዲያ ምን አደረገ?"

"ምንም አላደረገም።"

"ምንም ካላደረገ ምኑን ይናዘዛል?"

"አለማድረጉን ነው፣ አባቴ።"

"እሱ ይከብዳል" አሉ። "የሠራኸውን ለካህን ትነግራለህ፣ ቀኖና ይሰጥሃል። ላልሠራኸው ነገር ምን ቀኖና አለ? እኔ ስድሳ ዓመት አስተምሬ አላገኘሁትም።" ከዚያ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔም ተነስቼ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ሐሙስ የሞተር ጀልባው መጣና በእሱ ተመለስን። ቤት ደርሼ ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ሳኖረው ስንዱ እጇን ጠርጋ በጣቷ ዳሩን ነካችው።

"ይህ ከዚህ ቤት አይወጣም" አለች። "የአንዳርጌ ነው፤ ያተረፈው እሱ ነው። ካስፈለገህ እኔ በአማርኛ እልልሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።"

"ውሰደው ብዬው ነበር" አለ አንዳርጌ።

"እኔ ደግሞ አይሆንም አልሁ።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀመርን። በረንዳው ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጎረቤቶቿ ወዲያ ወዲህ እያሉ። ቤዛ እግራችን ሥር የደንገል ቅርጫት ትሠራለች። ስንዱ ፈረንሳይኛውን በልቧ ታነባለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በአማርኛ ትለዋለች። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ የተረጎምኩት ስምንት ዓመት እያሰላሰልኩ፣ ቃል እየመረጥኩ ነው። የእሷ ቀለል ያለ ነበር፤ ለታመመ ሰው አልጋ ዳር ተነግሮ የተሞረደ ቋንቋ። ብዙ ቦታ ላይ እጄን አቁሜ ከእኔ እንደሚሻል አሰብኩ። ስልሳ ትናንሽ ገጾች ናቸው። ዓርብ አሥራ አምስቱን፣ ቅዳሜ ሠላሳውን ጨረስን። ጣቶቼ ዝለው ብዕር አልይዝ ሲሉኝ አንዳርጌ ቅቤ ለቅልቆ አሸልኝ።

ስለ መመለሻው ጉዞ አልጽፍም። ሰኞ ማለዳ አንዳርጌ ሻንጣዬን በብስክሌቱ ጭኖ ሸኘኝ፤ ስንዱ ጨጨብሳ ቋጥራልኝ ደጅ ላይ ቀረች፤ መንገዱም ያው መንገድ ነው። የትርጉሙ ደብተር አሁን እኔ ጋ አለ፣ ሁለት ባልደረቦቼ አንብበውታል። ሁለተኛው ግማሽ ለምን የሌላ ሰው ድምፅ እንዳለው ጠይቀውኛል። መልሱ ይህ ጽሑፍ ነው። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፤ እሑድ የሆነው።

እሑድ አንዳርጌ ቤዛን ይዞ ወደ ውኃው ዳር ሄዶ ነበር። ከቀሩት አሥራ አምስት ገጾች ሁለቱ ብቻ ቀርተውን ነበር። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያነሳበት ቦታ ደረስን። ስንዱ አንብባ ሳትተረጉም ቆየች።

"ጠብቄህ ነበር" አለች። ዓይኗን ከገጹ አላነሳችም። "ያን ቅዳሜ።"

"አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁሽ።"

"እኔም አየሁህ።"

ብዕሩን አስቀመጥኩ።

"ዞር ብለህ ስትሄድ አየሁህ" አለች። "ስምህን ልጠራ እችል ነበር። ግቢው ጸጥ ያለ ነበር፣ ትሰማኝ ነበር። አፌን ከፍቼ ተውሁት። እሱ ካልደፈረ እኔ ምን አገባኝ አልሁ። ኩራት ነበር። ስለዚህ አንተን ብቻ አትውቀስ። ይህን ልነግርህ ስለፈለግሁ ነው መልስ መጻፍ ያቃተኝ፤ በደብዳቤ የሚባል አልሆነልኝም።"

ስምንት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ብቻዬን የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ ሲነሳልኝ ያዘንኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኔ ሲሞላ አየች፤ የሷም ሞላ። ማንም ማንንም አልነካም። ከዚያ ገጹን አስተካክላ ይዛ "ጻፍ" አለችኝ፤ ጻፍኩ። ሰውየው ከበሩ ተመለሰ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ አረጀ፣ ወረቀት ፊት ተቀመጠ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው። ፈረንሳይኛው በአንድ ግስ ሁለቱንም ይላል፤ ወዶ የተወውንም፣ ወዶ እስከ ዛሬ የሚወደውንም። አማርኛ ግን አይፈቅድም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ስንዱ እስክትናገር አልጠበቅሁም። "ወድጃታለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

ጎንበስ ብላ አየችው። አልተቆጣችም። ከውኃው ዳር መንገድ የአንዳርጌና የልጇ ድምፅ መቅረብ ጀመረ።

"አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "'ወድጃት ነበር' በል።"

"የእኔም ይሆናል እኮ፣ ስንዱ። ፈረንሳይኛው ይፈቅዳል።"

"ይፈቅዳል። አንተ ግን 'ነበር' ብለህ ጻፍ።"

ሰረዝኩና ጻፍኩ። ደብተሩን ወደ እሷ ገፋሁላት። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ አንድ ጊዜ፣ ደግማም። ከዚያ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና መዝጊያውን አራት ነጥብ ራሷ አስቀመጠች።